እንዴት ይሠራል? ያለ አዛዥ የሚተም ኩብኩባ

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወር የሁላችንም ዓይን ሰማይ ላይ ነበር። የፊዚክስ ሰዎችን ይበልጥ የሚያስደንቃቸው ግን ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ነው። ቁጥር ስፍር የሌለው ኩብኩባ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ መሬት ለመሬት ይተማል። ከፊት ሆኖ የሚያዝ የለም። ታዲያ እንዴት ይስማማሉ?

እ.ኤ.አ. በ1995 ሃንጋሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ወደ ኮምፒውተር ወሰዱት። ብዙ ነጥቦችን በተኑ፤ ሁሉም በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ፤ መቆም የለም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ በየእርምጃው የቅርብ ጎረቤቶችህን አማካይ አቅጣጫ ያዝ፣ ትንሽ ስህተትም ጨምርበት። ነጥቦቹ ሲሳሱ ወይም ስህተቱ ሲበዛ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ሲጠጋጉ ወይም ስህተቱ ሲቀንስ ግን፣ አንድ ወሰን ከታለፈ በኋላ፣ መንጋው በአንድ አቅጣጫ ይነጉዳል። ውሃ እየቀዘቀዘ ቆይቶ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ መሆን እንደሚጀምረው ማለት ነው።

ነጥቦቹ ባሉበት ቆመው አቅጣጫቸውን ብቻ የሚያዞሩ ቢሆኑስ? በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ትንሽ ስህተት እንኳ ካለ፣ ሜዳው እየሰፋ ሲሄድ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ተንቀሳቃሾቹ ከዚህ እገዳ እንደሚያመልጡ በዚያው በ1995 ያሳዩት ጆን ቶነርና ዩሃይ ቱ ናቸው። የሚሄድ ነገር ጎረቤት ይቀያይራል፤ እዚህ የያዘውን አቅጣጫ ራቅ ካሉት ዘንድ ያደርሰዋል። ስምምነቱን ያጸናው መሄዱ ራሱ ነው! በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጠ የሚያረካኝ ግኝት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች እውነተኛ ኩብኩባዎችን ክብ መሮጫ ውስጥ አስገብተው ቁጥራቸውን እየጨመሩ ተመለከቱ። ጥቂት ሲሆኑ ተበታትነው ዋሉ። መካከለኛ ሲሆኑ ለረጅም ጊዜ አብረው ዞረው ድንገት ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳሉ። በካሬ ሜትር ወደ 74 ከደረሱ በኋላ ግን በያዙት አቅጣጫ ጸኑ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት አንዱን ኩብኩባ ጎን ለጎን ወደፊት በሚሄዱ ሁለት መንጋዎች መሃል አደረገው፤ መንጋዎቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ናቸው። በቪቼክ ሕግ ቢሆን አብሯቸው ወደፊት መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ወደ አንዱ መንጋ ዞሮ አመራ። የጎረቤቱን አቅጣጫ አይቀዳም፤ በዓይኑ ካየው መርጦ ወደዚያ ያቀናል። የቪቼክ ሕግ ሥርዓት ያለ አዛዥ ሊወለድ እንደሚችል አሳይቷል፤ የኩብኩባው መንገድ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

በሁለቱም መንገድ ቢሆን መንጋውን ለመበተን የሚመታ መሪ የለም። መደረግ ያለበት ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ፣ ገና መሬት ላይ እያለ መድረስ ነው።