ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?

ልጅዎ ሮቤ ወይም ጎባ ካለ የፕሌይስቴሽን ቤት አምሽቶ መግባቱ ካሳሰብዎት፣ «አንዱን ገዝቼ እቤት ይጫወት» ማለትዎ አይቀርም። ሻጩም «ሃያ ጌም ተጭኖበታል፣ ጆይስቲክ ሁለት» እያለ ያጓጓዎታል።

በሃያው ጌም አይቸኩሉ። በአካውንት ተገዝቶ የተጫነ ጌም የዚያ አካውንት ነው። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ቀን ሊዘጋብዎት ይችላል፤ ዕቃውን ከአዲስ አበባ አምጥተውት ከሆነ ደግሞ ለመከራከር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊመለሱ ነው። አዲስ ላውርድ ቢሉ፣ አንድ የኳስ ጌም ብቻውን ከ40 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። በስልክ ዳታ አስቡት!

ዲስክ ግን የእርስዎ ነው። ልጅዎ ሲሰለቸው ጎባ ካለው የአክስቱ ልጅ ጋር ይቀያየራል። ፕሌይስቴሽን 4 ሁሉም የዲስክ ማስገቢያ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል የሚባለው የለውም።

ሁለተኛው ጆይስቲክ፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ ከሃያው ጌም ይበልጣል። በባሌ ክረምት ወንድምና እህት እቤት ውለው ጆይስቲኩ አንድ ከሆነ ጠቡን እርስዎ ነዎት የሚዳኙት። ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም አሰክተው ይሞክሩ፦ እጅ ሳይነካው ተጫዋቹ በራሱ የሚሄድ ከሆነ አናሎጉ አልቋል። ለ«ተጨማሪ ገመድ» አይክፈሉ፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በቆየ የአንድሮይድ ስልክ ገመድ ቻርጅ ይደረጋል። የጆሮ ማዳመጫ እንጨምርልዎ ካሉዎትም በዋጋው ስታቢላይዘር ይጠይቁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚጎዳው ማጫወቻው ነው።