ድመቷን የሚያሳክካት ምንድን ነው?

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት እንድትጠጣ ዕቃውን እንዳዘነበሉላትና ድመት ነጃሳ አለመሆኗን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተላለፉ በመድረሳ ተምረናል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ድመት ስትባረር ሰበቡ ነጃሳነቷ ሳይሆን "እከክ ይዟታል፣ ይጋባብናል" የሚለው ነው። ሆዷ ላይ ጸጉሯ ያለቀና አንገቷ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ድመት በእርግጥ እከክ ይዟት ሊሆን ይችላል። ግን አለርጂም መልኩ እንዲሁ ነው፤ አለርጂ ደግሞ ወደ ማንም አይጋባም።

ሰውን አቧራ ወይም የአበባ ብናኝ ሲያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ያስነጥሰዋል። ድመት ላይ ግን ችግሩ በዋናነት የሚወጣው በቆዳዋ ነው። የሰውነቷ መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ በእኛ በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቋንቋ፣ ለሻይ እንፋሎት የሚጮህ የእሳት ሴንሰር በሉት። ቀስቃሾቹ በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ ሻጋታ፣ እንዲሁም የሣርና የዛፍ ብናኝ ናቸው። በአበባ ወቅት መጥቶ የሚጠፋ ማሳከክ ብናኝን ያስጠረጥራል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ደግሞ አቧራን።

ብዙ ጊዜ ስታክ አናያትም። ምላሷ ወደ ኋላ በታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች የተሞላ ስለሆነ ተደብቃ በመላስ ብቻ ጸጉሯን ትጨርሰዋለች። እኛ "ረገፈ" እንላለን እንጂ ነቃይዋ ራሷ ናት።

አለርጂን ለይቶ የሚናገር አንድ ቁርጥ ያለ ምርመራ የለም። የእንስሳት ሐኪም ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ እየሰረዘ ነው የሚደርስበት። መጀመሪያ ቁንጫ ነው። ድመት ቁንጫዋን እየላሰች ስለምትውጥ "ምንም አላየንባትም" ማለት አይበቃም። ጥርሱ በተጠጋጋ ማበጠሪያ አበጥረን የወጣውን ጥቁር ፍርፋሪ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ እናድርገው፤ ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀለሙም የጠጣው ደም ነው። ቀጥሎ እከክና ቆረቆር ይመረመራሉ። ቆረቆር ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ እስኪለይ ድረስ ድመቷን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ ምግብ ይፈተናል፤ 8 ሳምንት ያህል የተመረጠ ምግብ ብቻ መስጠት ይጠይቃል። ከካፌ ትራፊ ለምትኖር ድመት ይህ የማይታሰብ ነው፣ ግን ባለቤት ላላት ይቻላል።

ሕክምናው ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ አለርጂውን ነቅሎ አያጠፋውም። ስቴሮይድ ቶሎ ይሠራል፤ ሲራዘም ግን ስኳር በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይሰጥም። ከእኛ የሚጠበቀው የምትተኛበትን ጨርቅ በሙቅ ውሃ ማጠብ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ አዝነንላት እንዳንገድላት። ለውሻ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው። ፓራሲታሞልም እንደዚያው፤ አንድ ኪኒን ሕይወቷን ሊያጠፋ ይችላል።