ሻፌታውን ማን ሠራው?

በሲዳማ የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ከእንሰት የተዘጋጀው ወሳ በቅቤና በወተት ታሽቶ ቡርሳሜ ይሆንና በሻፌታ ይቀርባል። ሻፌታ ከሸክላ የተሠራ ሰፊ የማዕድ ዕቃ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ አይቀርብም፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና እንግዳው ዙሪያውን ተቀምጠው በአንድነት ይበሉበታል። በሐዋሳም ከታቦር ተራራ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች አንሥቶ በዓሉ እስከሚደምቅበት እስከ ሐይቁ ዳር፣ እስከ ጉዱማሌ ድረስ፣ ያለ ሻፌታ ፍቼን ማሰብ ይከብዳል። ስለ በዓሉ ብዙ ተጽፏል። ዩኔስኮም በኅዳር 2008 ናሚቢያ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ በሲዳማ ጎሳዎች መካከልም ሆነ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር እኩልነትንና አብሮነትን ያጠናክራል ብሎ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሻፌታውን የሚሠሩት ሴቶች ግን በወሬው መካከል እምብዛም አይነሡም።

የሲዳማ ሸክላ ሠሪዎች ሃዲቾ ይባላሉ። ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ደግሞ ቱንቲቾ ናቸው። ቋንቋቸው ሲዳምኛ፣ አገራቸውም ሲዳማ ነው። ሆኖም ለብዙ ዘመን ከገበሬው ወገን ጋር አልተጋቡም፤ አብረው ማዕድ አልቆረሱም፤ ርስት የሚሉት መሬት አልነበራቸውም። የአካባቢው ጉዳይ በሚመከርበት በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ እንደ እኩል አባል አልተቆጠሩም። በአጭሩ፣ የአብሮነቱን ዕቃ የሠራችው ሴት ከዕቃው ዙሪያ መቀመጫ አልነበራትም።

ወደ ሙያው እንግባ፤ ብዙ ሰው ሸክላ ሥራን ጭቃ ማድቦልቦል ብቻ ያደርገዋልና። አፈሩ ተመርጦ ይቆፈራል፤ ከየትም የተዛቀ አይሆንም። በጀርባ ተሸክሞ ቤት ማድረስ የሠሪዋ ፈንታ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ከዚያ በውሃ ይራሳል። አፈሩ ብቻውን ከሆነ እሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። አዎ፣ ያው ተሰብሮ የተጣለው የድሮ ማሰሮ ነው፤ ተፈጭቶ ሲገባበት አዲሱ ዕቃ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት እንዲችል ያደርገዋል። የሸክላ መሐንዲሶች ይህን በቤተ ሙከራ ያረጋግጣሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ ከእናቷ ተምራዋለች።

የሚሽከረከር መንኮራኩር የላትም። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበለች በክብ ትደራርባለች፤ በጣቷ ታያይዛለች፤ ግድግዳውን ወደ ላይ እየሳበች ታሳሳለች። ዕቃው ትልቅ ከሆነ እሱ ባለበት ይቆማል፣ እሷ ትዞረዋለች። ትንሽ ጠንከር ሲል በለስላሳ ጠጠር እየፈተገች ታወዛዋለች። ከዚያ በጥላ ለቀናት ይደርቃል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሁሉን ያጣል፤ ውስጡ ርጥበት የቀረበት ማሰሮ እሳት ሲነካው ይፈነዳልና። ማቃጠያውም ምድጃ አይደለም። ዕቃው ሜዳ ላይ ተደርድሮ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ተሸፍኖ ይነድዳል። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ነፋስ ከተነሣ ወይም ዝናብ ከጣለ የሳምንቱ ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። የወጣለትን ገዢዋ ገበያ ላይ ጣቷን አጥፋ ኳ ኳ አድርጋ ትፈትነዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ከደነቆረ የሆነ ቦታ ላይ ስንጥቅ አለው።

በዚያው በሐዋሳ የታቦርን ስም የያዘ የሴራሚክ ፋብሪካ አለ። ሳህንና ስኒ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃም ያመርታል። የፋብሪካ ሴራሚክ ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚቃጠልና በመስታወት መሰል ቅብ ስለሚሸፈን ውሃ አያሰርግም። እዚያ ለመሥራት ግን ማንም የማንን ዘር አይጠይቅም። ጭቃ መንካት ያረክሳል የሚለው እምነት በፋብሪካው በር አያልፍም፤ እስካሁን ድረስ ይህ ነገር ይደንቀኛል። ነውሩ ከጭቃው ቢሆን ኖሮ ከደመወዝ ጋርም ባልጠፋ ነበር።

ነገሩ የሲዳማ ብቻ አይደለም። በወላይታ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻ፣ በጋሞና በዳውሮ ማና፣ በከምባታና በጉራጌ የእጅ ሙያተኛው ፉጋ ይባላል። በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ማና የታረሰ ማሳ ቢረግጥ ምድሪቱ ትመክናለች ይባል ነበር። በሰሜኑም ብንል የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ስም ከቡዳ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። አዲስ አበባም ቀጨኔ አላት፤ የከተማዋ ጀበናና ምጣድ ሲወጣባት የኖረች፣ ሠሪዎቿ ግን በሹክሹክታ የሚጠሩባት ሰፈር። ተመራማሪዎቹ አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን በ1990ዎቹ ስለእነዚህ የተገለሉ ሙያተኞች የሌሎችን ጥናቶች ሰብስበው አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከመጽሐፉ ጎልቶ የሚታየው፣ በየአካባቢው ስሙ ይለያይ እንጂ ክልከላው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ መሬት፣ ጋብቻ፣ ማዕድ፣ ቀብር።

መንግሥት ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢውም ንጉሡን እንደተሳደበ ተቆጥሮ እንዲታሰር አዘዙ። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በብዙ የደቡብ አካባቢ ለሙያተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሰው መሬት አስገኘለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥም ሆነ በትውልድ ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። ኢትዮጵያ ከ1968 ጀምሮ አባል የሆነችበትን የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነት የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ማብራሪያ በትውልድ ሐረግ የሚደረግ ማግለል በዘር መድልዎ ውስጥ እንደሚካተት አረጋግጧል። ሕጉ አልጎደለም። ሕግ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚበላ አያዝዝም።

አሁን አብሮነት ወደተፈተነበት ወደ ሐዋሳው ግጭት እንምጣ። በሰኔ 2010 ፍቼ በሚከበርበት ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ከተማዋ መጥተው ነዋሪውን አነጋገሩ። ከዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2011፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ከሚለው ጥያቄ ጋር በተያያዘ እንደገና የሰው ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ አብሮ መኖር ብዙ ስብሰባ ተደርጓል፤ ሃዲቾና ጭናሻ ግን የስብሰባዎቹ ርእስ ሲሆኑ አልሰማሁም። ሁለቱ የተጋጩ ሕዝቦች እያንዳንዳቸው ከማዕዳቸው ያራቁት ሸክላ ሠሪ አላቸው። ከተማይቱ የማን ናት የሚለው ክርክር ሰው የገደለው በቅርቡ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን አገሩ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በእናቷም በአያቷም ዘመን ታውቀዋለች።

ሸክላን ከግጭት በኋላ ለሰብዓዊ መብት ማዋል ይቻላል? የተሞከረበት አገር አለ፤ ሩዋንዳ። የሩዋንዳ ትዋ ሕዝቦች ከሕዝቡ 1 በመቶ አይሞሉም፤ ከደን ከወጡ በኋላ መተዳደሪያቸው ሸክላ ሆኗል። ከእነርሱ ጋር መብላትም እንደ ነውር ይታይ ነበር። በ1986ቱ የዘር ማጥፋት ወገኖቻቸውን አጥተዋል፤ የአገሪቱ ትረካ ግን በሁለቱ ትላልቅ ወገኖች ላይ ስላተኮረ ሐዘናቸው ወደ ዳር ተገፋ። ካውርዋ የተባለው የትዋ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የብሪታንያ ድርጅት ጋር ሆኖ «የሚጨፍሩ ማሰሮዎች» የሚል የሸክላ ሥራ ፕሮጀክት ጀመረ፤ ትዋዎች በዘፈንና በጭፈራም ይታወቃሉና ስያሜው ከዚያ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የተሻለ ዕቃ፣ የተሻለ ዋጋ፣ ከዚያም የተደራጀ ሸክላ ሠሪ መብቱን በራሱ አፍ ይጠይቃል። በኋላ መንግሥት በጎሣ ስም መደራጀትን ስለከለከለ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2007 ስሙን ቀይሮ የሩዋንዳ ሸክላ ሠሪዎች ማኅበር ተባለ።

የሐዋሳን ጉዳይ ሳስብ ከሩዋንዳ የምወስደው ይህን ክፍል ነው። በሸክላ ላይ ርግብ ስሎ «ሰላም» ብሎ ጽፎ ለጎብኚ መሸጥ ይቻላል፤ አልቃወምም። ርግቧን የሣለችው ሴት ግን ጠዋት ጎረቤቷ ቡና ስታፈላ ካልጠራቻት፣ ጀበናው ከእጇ ወጥቶ ስኒው ካልደረሳት፣ መብቱ የጎብኚው ቦርሳ ውስጥ ገብቶ አውሮፕላን ተሳፍሯል ማለት ነው። የሙያው ክብር በሚታይ ነገር ይለካል፦ ማኅበሯ ከራሷ ወገን የሆነ ሊቀ መንበር አለው ወይ? ዋጋውን ማን ይቆርጣል፣ ሠሪዋ ወይስ ደላላው? ፍቼ ላይ ሻፌታው ሲቀርብ ሠሪዋ እንግዳ ናት ወይስ አቅራቢ?

ከሁሉ የሚቀድመው ግን አፈሩ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ረግረጎቹ ለሩዝ አምራች ማኅበራት እየተሰጡ ሲሄዱ ትዋዎች ጭቃ የሚወስዱበት ቦታ አጡ፤ ዕቃቸውን የሚያደንቅ ገበያ ሲያገኙ መሥሪያው ከእጃቸው ወጣ። በእኛም አገር በደቡብ በብዙ ቦታ ጥሩው የሸክላ አፈር ያለው በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከፍላ ወይም ለምና ትቆፍራለች፤ ባለ መሬቱ እምቢ ካለ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች። በላዩ ላይ የፕላስቲክ ባልዲው እንስራውን፣ የአሉሚኒየም ድስቱም የሸክላውን ከገበያ እየገፉት ነው። ጀበና፣ ምጣድና ሻፌታ ግን እስካሁን በቀላሉ አልተተኩም፤ ሸክላ ሠሪዋ ዋጋዋን መደራደር የምትችለው በእነዚህ በሦስቱ ነው፣ አፈሩን እስካገኘች ድረስ።