ጭፍራን በእግር

ዕረፍት በደረሰ ቍጥር የብዙዎቻችን አሳብ ከሁለት መንገድ አያልፍም፤ አንዱ ወደ ቤተ ሰብ መመለስ ሲሆን፥ ሁለተኛው ገንዘብ ላለው ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሄዶ በሐይቅ ዳር መቀመጥ ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ሦስተኛ ዓይነት ዕረፍት አለ፤ ይኸውም አገሩን በሚያውቅ መሪ እየተመሩ፥ ከመንደር መንደር በእግር እየሄዱ፥ የሰውን የዕለት ኑሮ እያዩ መሰንበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ጉዞ በጭፍራ በኩል ቢደረግ እንዴት መሆን እንደሚገባውና ለእኛ ለተማሪዎች ምን እንደሚያስተምር ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ጭፍራ በአፋር ክልል የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በሐራ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል። የወሎ ደጋ ተዳፋት አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት ሥፍራ ስለ ተቀመጠች፥ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩም ፍየሉንና ቅቤውን ይዞ ይመጣል። ስመ ጥር የሆነው የባቲ የሰኞ ገበያም የቆመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደጋና ቆላ አንዱ ያለ ሌላው አይኖሩም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ግን ጭፍራ የጦር ሜዳ ሆና ሕዝቧ ተፈናቅሎ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሐዘን ያየ ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ ይወቅ።

በመኪና ያለፈ ሰው ስለዚህ አገር ሲጠየቅ፥ «ባዶ ሜዳ ነው» ይላል። ከመስኮት ሲታይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሣርና እያንዳንዱ የውሃ ጕድጓድ ጎሣው የሚያውቀው ባለቤት አለው፤ መቼ እንደሚገባበትና መቼ እንደሚለቀቅም ሥርዓት አለው። «ባዶ ነው» ማለት ደግሞ ቀላል ስሕተት አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በወንዙ ዳር ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተስፋፉ። ያ መሬት የአፋር ከብት በበጋ የሚሸሽበት የመጨረሻ ግጦሽ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መሸሻው ተወስዶ ስለ ቆየ፥ ከብቱ አለቀ፤ ሰውም በብዛት ሞተ። ካርታ ያነሡት ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፥ ከእኛ የበለጠ የተማሩ ነበሩ። የጎደላቸው ነገር ቢኖር ከአንድ አፋር ጋራ አንድ ወር በእግር መሄድ ነበር።

እንግዲህ መሪ ማለት ምን ማለት ነው? በከተማ ቋንቋ መሪ ማለት ሐውልት እያሳየ ዓመተ ምሕረት የሚቈጥር ሰው ነው። በአፋር ምድር ግን መሪ ከዚህ የከበደ ነገር ነው። ታሪክን ብንመለከት፥ ስዊሳዊው ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ይዞ ወደ አውሳ ገባና ከነሠራዊቱ ጠፋ። ኔስቢት ግን በ1920 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሰሜን እስከ ቀይ ባሕር ተሻገረ። ቴሲጀርም በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ፥ የአውሳውን ሡልጣን አግኝቶና ፈቃድ ተቀብሎ፥ ውሃው የሚያልቅበትን የአቤን ሐይቅ አየ። በመድፍ ያልተከፈተው መንገድ በመሪና በፈቃድ ተከፈተ ማለት ነው።

የመሪው ሥራ ሦስት ነው። አንደኛው ውሃ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ዋስ መሆን ነው፤ መሪህ ከአንተ ጋራ ሲሄድ ጎሣውም አብሮህ ይሄዳል፤ በአንተ ላይ የሚደርሰው ነገር በእርሱ ስም ላይ ይደርሳል፤ አንተ የምታጠፋውንም የሚጠየቅበት እርሱ ነው። ሦስተኛው ማየት ነው። በሚሌና በጭፍራ አካባቢ ባለው በወራንሶ ሚሌ በ2008 ዓ.ም. የተገኘውን፥ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን የራስ ቅል በመጀመሪያ ያየው ከምርምር ክፍል የወጣ ሊቅ ሳይሆን፥ መሬቱን በየቀኑ የሚረግጥ የአካባቢው ሰው ነበር። ሊቃውንቱ ስም አወጡለት፤ ዐይኑ ግን የአገሬው ነው።

ከመሪ ጋራ የሚሄድ ሰው ቶሎ የሚያውቀው ነገር «ዳጉ» ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት እንደ ጣለ፥ የማን ግመል እንደ ጠፋ፥ በሽታ የት እንደ ገባ፥ የማን ሠርግ እንደ ቀረበ፥ ምን ዓይነት እንግዳ እንዳለፈ ሁሉ ይነገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አቋርጦ አይገባም፤ ከጨረሰ በኋላ ግን «በዐይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን ሰማኸው?» ብሎ ይጠይቃል። የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሐሰት የተናገረ ሰው ይዋረዳል፤ ምክንያቱም በሐሰት ወሬ መንጋውን ወደ ደረቅ ጕድጓድ የነዳ ሰው ከብቱን ያጣል። እኛ በስልካችን ከጥዋት እስከ ማታ ያልተጣራ ወሬ የምንቀባበል ሰዎች በዚህ ሥርዓት ፊት ብናፍር አይደንቅም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ጎጆው ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ነው፤ ዳቦይታ ይባላል። የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ መንጋው ሲነሣም አፍርሳ በግመል የምትጭነው እርሷ ናት። ከዘንባባ ሰሌን መሥራት፥ ውሃ ከሩቅ ማምጣት፥ ፍየል ማለብና ዳቦ መጋገር የእርሷ ፈንታ ነው። ልጆች ገና ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ግልገል መጠበቅ ይጀምራሉ። ግመሉና የሩቁ ግጦሽ የወንዶች ነው። የሴቲቱ ሸክም እንደሚበዛ ለማየት ሶሲዮሎጂ መማር አያስፈልግም፤ ከእርሷ ጋራ አንድ ጊዜ ውሃ መቅዳት ይበቃል። የዚህን አገር ኑሮ የምናደንቅ ሁሉ ይህንን እንዳላየ ሆነን ብናልፍ ግን ግማሹን ብቻ አይተናል።

በዚህ ድካም መካከል የሚገኙት ትንንሽ ደስታዎች ብዙ ናቸው። የወተቱ ዕቃ፥ እንደ ደጋው ቅል ሁሉ፥ በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ስለዚህ ወተቱ የጢስ ጣዕም አለው፤ አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው የከተማው ወተት ውሃ ይሆንበታል። ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻሂ፥ ማታ ነፋሱ ሲነሣ ከጎጆው ደጅ በሰሌን ላይ መጋደም፥ የግልገሎች ጩኸት፥ የሴቶች ዘፈን ሁሉ ገንዘብ የማይገዛው ዕረፍት ነው። ጎልማሶች ደግሞ «ኮሶ» የሚባል ጨዋታ አላቸው። ስሙ የእኛን መራራ መድኃኒት ቢያስታውስም ነገሩ ሌላ ነው፤ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ኳስ ይዘው ሁለት ወገን ሆነው፥ ኳሱን ከባላጋራ እያሸሹ በዚያ ፀሐይ ይሮጣሉ። ከእኛ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚቋቋም ቢገኝ ያስመሰግነዋል።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን የእንግዳ መብዛት ቤተ ሰቡን አይጎዳምን?» የሚል ጠያቂ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። የአፋር ቤት ለእንግዳ ወተቱን ያስቀድማል፤ በበጋ ደግሞ ወተት ያንሳል። እንግዲህ አሥር ተማሪዎች ባንድ ጎጆ ደጅ ቢቀመጡ የልጆቹን እራት ጠጥተው ያድራሉ ማለት ነው፤ ባለቤቲቱም አንድ ቃል አትናገርም። መፍትሔው ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ከጭፍራ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ፥ በሰሜን ወሎ በመቄት፥ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው የእንግዳ ጎጆ ሠርተዋል። እንግዳው በአካባቢው መሪ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፤ ገንዘቡም በሥርዓት ለማኅበሩና ለሠሩት ሰዎች ይከፈላል። በጭፍራ በኩልም በአህያው ፈንታ ግመል፥ በማኅበሩ ፈንታ የጎሣው ሽማግሎች ቢሆኑ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ዋናው ነገር ዋጋው ከመነሣት በፊት በግልጽ መነገሩና የሴቲቱ ድርሻ በእጇ መግባቱ ነው።

ለመሄድ ላሰቡ ጓደኞቻችን ጥቂት ምክር እንጨምር። በመጀመሪያ፥ የክረምቱን ረጅም ዕረፍት ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ «ካርማ» የሚባለው የዝናብ ወራት ነው፤ በሚሌና በሌሎቹ ወንዞች አሸዋ ላይ፥ በላያችሁ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፥ በወሎ ተራራ የዘነበው ጎርፍ ድንገት ይደርስባችኋል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የ«ሐጋይ» ሐሩር ነው። የሚስማማው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው «ጊላል» ነው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍታችንም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይውላል። በዚህም ወራት ቢሆን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ እስከ ጥዋቱ አራት ሰዓት ሂዱ፤ ከዚያ እስከ ማታው አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ ዕረፉ። ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ሊትር የማያንስ ውሃ ይያዝ። ከአምስት ሰው በላይ አትሁኑ። ስኳር፥ ሻሂ ቅጠልና ዱቄት ይዛችሁ ግቡ። በረመዳን ከሄዳችሁ በቀን በሰው ፊት አትብሉ። ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከወረዳው አስተዳደርና ከሽማግሎች ጠይቁ፤ «ቈዩ» ካሏችሁም ቈዩ።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ እየላከ ያስተምር ነበር። የሄዱት ለማስተማር ቢሆንም ብዙዎቹ ተምረው ተመለሱ። ዛሬ ያ ሥርዓት የለም፤ ማንም አስገድዶ አይልከንም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ የመሬት ካርታ የሚያነሣ፥ የልማት ዕቅድ የሚጽፍ፥ የሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጅ አለ። ያ ሰው «ዘላን» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ከማንሣቱ በፊት፥ «ባዶ መሬት» ብሎ ከመጻፉም በፊት፥ አንድ ሳምንት መሪ ተከትሎ ቢሄድ ለራሱም ለአገሩም ይበጃል። ከተመለሰም በኋላ የአፋሩን ሥርዓት ይጠብቅ፤ ያየውን ለይቶ፥ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ጠቅሶ፥ ሳይጨምር ሳይቀንስ ዳጉውን ይንገረን።