ጎህ ሲቀድ፣ በግልገል አባይ አፍ

ሌሊት ከዱርቤቴ ተነስቶ ቁንዝላ የሚወርድ አስጎብኚ መጀመሪያ ለእንግዶቹ የሚያወራው ስለ ፀሐይዋ ነው። ቁንዝላ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ስላለች፣ እዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ፀሐይዋ የምትወጣው ከውኃው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲቃረብ አመድ መስሎ የቆየው ሐይቅ እየቀላ ይመጣል፤ በጀልባው ላይ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ባለሙያውም ዝም ይላል። ያን ሰዓት በወሬ የሚያበላሽ አስጎብኚ ሥራውን ገና አልተማረም።

ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ጀልባው ወደ ግልገል አባይ አፍ ሲያዘግም ነው። ሰከላ ውስጥ ከግሽ አባይ የሚነሳው ይህ ወንዝ ከጣና ገባሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ክረምት ላይ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ይወርዳል። ያ ድፍርስ ከሰከላ፣ ከሜጫና ከአቸፈር ማሳዎች ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። ወንዙ ሐይቁ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የተሸከመውን ያራግፋል። ደለሉ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ወደ ሐይቁ የገባ ለጥ ያለ መሬት ሠርቷል፤ ዛሬ ይታረሳል። እንግዳው ከጀልባው ላይ ሆኖ የሚያየው አረንጓዴ ማሳ፣ ደጋ ላይ ያለ ሌላ ገበሬ ያጣው መሬት ነው። ይህን ሳይሰማ የተመለሰ ጎብኚ ጣናን አየ ለማለት ይከብዳል።

የሐይቁ ዳርቻ እርሻም የራሱ ሥርዓት አለው። ጣና በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረም፣ ይሞላል፤ በበጋው ቀስ እያለ ይጎድላል። ውኃው ለቆት የሚሄደውን እርጥብ መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ በአፈሩ እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። ውኃው አንድ ዓመት ብዙ፣ ሌላ ዓመት ጥቂት ይሸሻልና የማሳው ጠርዝ ካቻምና ከነበረበት ላይገኝ ይችላል።

በሜክሲኮ ሲቲ ደቡባዊ ክፍል፣ ሶቺሚልኮ በሚባል ስፍራም ጎብኚዎች ማለዳ በጀልባ በማሳዎች መካከል ያልፋሉ። የዚያ አገር ገበሬዎች ጥልቀት ከሌለው ሐይቅ ጭቃ እያወጡ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ እየተከሉ፣ ቺናምፓ የሚባሉ ማሳዎችን በእጃቸው ሠሩ፤ በመካከሉ የቀረው ውኃ ቦይ ሆነ። ዩኔስኮ በ1987 እ.ኤ.አ. ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጎብኚው እዚያ የሚሄደው ገበሬው ከውኃ ጋር የኖረበትን ብልሃት ለማየት ነው። የጣና ጉብኝት ግን ብዙውን ጊዜ በገዳማቱ ይጀምራል፣ በገዳማቱ ያበቃል። ገዳማቱ ይገባቸዋል። ባሕር ሸሹም ይገባዋል።

አስጎብኚው ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ከውኃው ገጽ ብዙም ከፍ አይልም፤ እንጨት ከተጫነበት ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል። የሞተር ጀልባ በፍጥነት ካለፈው ሞገዱ ጭነቱን ያርሰዋል፤ ቀዛፊውንም ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ታንኳ ገና ከሩቅ ሲታይ ሞተሩ ይጠፋል፣ «እንደምን አደራችሁ» ይባላል፣ ፎቶ የሚነሳውም ሲፈቀድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንግዳው ደንገሉን ቀረብ ብሎ ያያል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። ይህ ሲነገር ፊታቸው የማይበራ እንግዶች ጥቂት ናቸው።

በመልስ ጉዞ፣ ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፉ፣ መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ አለ፤ ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል፣ የታቀደውም 7 ሺህ ሄክታር ለማልማት ነው። ጊዜ ያለው በየጅረቱ የተጠለፉትን የገበሬ ቦዮች፣ ተራ የሚያስጠብቀውን የውኃ አባትም ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የቆጋ ወንዝ ራሱ ግልገል አባይን ይቀላቀላል፤ የጠዋቱ ጉዞ የተጀመረበት ውኃ ከዚህም ይሄዳል።

ከደጋው የሚወርደው ግን አፈር ብቻ አይደለም፤ ማዳበሪያም አብሮ ይታጠባል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም የሚፋፋው እንዲህ ባለው ምግብ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል፤ መዝገቡ ብቻውን ግን ደለል አያቆምም፤ የሚያቆመው ሰከላና አቸፈር ላይ የሚሠራው እርከን ነው። በዚህ ሙያ ያላችሁ ሁሉ፣ ግልገል አባይ አፍ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉ፤ መሬቱ ከየት እንደመጣም ለእንግዳው ንገሩት።