ካስቶሎን ሸጦ አድሪያኖን መግዛት ብቻ አያሸንፍም

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያደገ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ሱሉልታ በሯጮቿ ነው የምትታወቀው፤ ጌሙ ላይ ግን እዚያም ኳስ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ ቆሞ የሚያሰለጥን አሥር ሰው። ተሸናፊ ይከፍላል። ስለዚህ ቀልድ የለም!

የዊኒንግ ኢለቨን ዘመን ሰዎች አድሪያኖን አይረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው እትም የኢንተር ሚላኑ አጥቂ የምት ኃይሉ 99 ነበር። ከየትም ይምታው፣ በረኛው ኳሷን የሚያያት መረቡ ውስጥ ነው። ታዲያ ሁሉም ኢንተርን ለመያዝ ይሻማል። የሚገርመው ግን ኢንተርን ይዞ የሚሸነፈውም ብዙ ነው፤ ኳሷ አድሪያኖ ጋ ካልደረሰች 99ኙ ምን ይሠራል?

ይህ በደንብ የሚገባህ ማስተር ሊግ ስትጀምር ነው። እዚያ ካስቶሎን፣ ሚናንዳንና ኢቫሮቭን የመሳሰሉ በእውነቱ ዓለም የሌሉ ተጫዋቾች ይሰጡሃል፤ ነጥብህ ትንሽ ናት፣ በእሷ ነው የምትገዛው። እኔ ያለኝን ሁሉ አንድ ጉልበተኛ አጥቂ ላይ አፍስሼ አውቃለሁ። በመስመር አሻምቼ በጭንቅላት ላስቆጥር ነበር ሐሳቤ። የመስመር ተከላካዮቼ ግን ስልሳኛው ደቂቃ ላይ ይደክማሉ፣ የሚያሻሙት ኳስም ከጎሉ ጀርባ ይወጣል። ጎል የሌለው ጎል አግቢ ይዤ የውድድር ዘመኑ አለቀ። ሒሳቡንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በመስመር የምታጠቃ ከሆነ መጀመሪያ የማይደክም ሯጭና ጥሩ አሻሚ ትፈልጋለህ፤ ረጅሙ አጥቂ የሚመጣው ከዚያ ነው። በመሐል ሰንጥቀህ የምትገባ ከሆነ ደግሞ የአጥቂው ቁመት ትርፍ ነው፤ ፍጥነቱንና አቀባዩን እይ። ቅርጫት ኳስ ጌም የሚጫወቱትም ያው ነው የሚገጥማቸው፤ ከሩቅ ለሚወረውር ቡድን ከቅርጫቱ ሥር የሚታገል ግዙፍ ሰው ብቻ ሰብስበህ አይሆንም።

ጌም ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ ባርሴሎናም ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳሙኤል ኤቶን ከ46 ሚሊዮን ዩሮ ጋር ለኢንተር ሰጥቶ ዝላታን ኢብራሂሞቪችን ወሰደ። ዝላታን ጎል አላጣም። ግን ሜሲ ወደ መሐል ሲገባ ቦታው ተጣበበ፤ በዓመቱ ለሚላን በውሰት ተሰጠ። ኤቶ በዚያው ዓመት ከኢንተር ጋር ሦስት ዋንጫ አነሳ፤ ቻምፒየንስ ሊጉን ጭምር፣ ያውም በግማሽ ፍጻሜው ባርሴሎናን ጥለው! ኤቶ ለቡድኑ ሲል መስመር ላይ ሆኖ ተከላካይ ሲያግዝ ያየነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከሦስቱ ከተሞች በእነዚህ ዓመታት ፕሪሚየር ሊግ የደረሰው ሰበታ ከተማ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ገባ። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበሩ። ውበቱ ማለት በ2003 ኢትዮጵያ ቡናን ለመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያበቁ፣ ኳስን ከኋላ በአጭር ቅብብል መሥርቶ መውጣት የሚወዱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አጨዋወት ኳስ እግሩ ሥር ሲመጣ የማይደነግጥ ተከላካይ ይጠይቃል፤ እንደዚህ ዓይነቱን ደግሞ ገበያ ወጥተህ እንደ ቲማቲም አትገዛውም።

ያ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 መጀመሪያ ውበቱ ወደ ዋልያዎቹ ሄዱ፤ ከዋልያዎቹ የለቀቁት ኢንስትራክተር አብርሃም መብራቱ ሰበታ ገቡ። የመን የእስያ ዋንጫ እንድትገባ ያደረጉት አብርሃም! ለትንሽ ከተማ ክለብ ሁለት የብሔራዊ ቡድን ደረጃ አሰልጣኞችን በተከታታይ ማግኘት ዕድል ነው። ግን እያንዳንዱ አሰልጣኝ ተጫዋች የሚያይበት ዓይን የራሱ ነው። ለአንዱ የተመረጠ አማካይ ለሌላው የግድ አይሆንም፤ ክለብ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ሰው ልግዛ ቢል ኪሱ አይችልም።

የ2013ቱ ሊግ በአምስት ከተሞች ሲዞር ሰበታ ከእነሱ ውስጥ አልነበረችም። የከተማዋ ደጋፊ ቡድኑን ያየው በዲኤስቲቪ ነው፤ ጌሙንም ክለቡንም በስክሪን ማለት ነው። በ2014 ሰበታ ከተማ ወረደ። የወረደው በተጫዋች ምርጫ ብቻ ነው አልልም፤ የእኛ ክለቦች ችግር ብዙ ነው። ሆኖም ውድድሩ ሳይጀመር በፊት በምን ልናጠቃ ነው ብሎ የሚጠይቅ የክለብ አመራር ስንቱ ነው? እኛ የምንሰማው ማን ፈረመ፣ በስንት ፈረመ የሚለውን ብቻ ነው።

ዛሬም ያረጀችውን ፕሌይስቴሽን አስነስቶ ማስተር ሊግ የሚጀምር ካለ፣ የመጀመሪያዋን ነጥብ አቀባይ ላይ ያውላት። አድሪያኖ ይቆይ። ሚናንዳን ግን እንዳይሸጠው፣ ልጁ ኳስ ያውቃል።