አቀንጭራና ፈንገሱ የሚሰሙት ጥሪ

የካርቱም ሰው ከወጥ ጋር የሚበላው ክስራ የተባለ ስስ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው ከማሽላ ነው። ማሽላው በሚበቅልባቸው የሱዳን ማሳዎች ደግሞ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ብቅ ይላል፤ ሱዳኖች ቡዳ፣ እኛ አቀንጭራ እንለዋለን። ሲያዩት ያምራል። ገበሬው ግን አበባውን ሲያይ ጉዳቱ እንደደረሰ ያውቃል፤ አቀንጭራ ከመሬት ሳይወጣ ለሳምንታት ከማሽላው ሥር ሲመጥ ቆይቷልና።

ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች ይበትናል፤ አፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እርጥበት ብቻውን አያበቅለውም፤ የሚነቃው ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ተጣብቆ ይበሳውና ውሃውንና ምግቡን ይስባል።

ማሽላ ታዲያ ጠላቱን ለምን ይጠራል? እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ያንኑ ኬሚካል አንድ ሌላ ፍጡርም እንደሚሰማው አሳዩ፤ እሱም ሥር ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ፈንገስ ነው። አበባ የለውም፣ እንጉዳይም አያወጣም፤ ክሩ እጅግ ቀጭን ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ስኳርና ቅባት ይቀበላል፤ በምላሹ ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣል። እንደ አቀንጭራ ሁሉ ከተክል ተነጥሎ ዕድሜውን መጨረስ አይችልም፤ ነገር ግን የወሰደውን ይከፍላል። የማሽላው ጥሪ ለእሱ ነበር። ጎረቤቱን ለእርዳታ የጠራን ሰው ድምፅ ሌባም ይሰማዋል፤ አቀንጭራ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ፎስፈረስ ሲያጥረው ሥሩ ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ በተራቆተ መሬት የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ማሳው በአቀንጭራ የተወረረበትን ገበሬ በስንፍና መውቀስ ግፍ ነው እላለሁ፤ አፈሩ ካልጠገበ ነቀላ ብቻውን አያድነውም።

ከአፈሩ ሌላ ማሽላውን ራሱን ማሻሻልም ይቻላል። በሱዳን የሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ ያዳቀሉት፣ ድርቅን የሚቋቋም ሀጊን ዱራ-1 ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። በኋላ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እሳቸው የተሳተፉበት የ2017 ጥናት ከእነዚህ ዝርያዎች የአንዳንዶቹን ምስጢር ገልጧል፤ የማሽላዎቹ ሥር ዝም አላለም፣ የጥሪው ዓይነት ግን ተቀይሯል። አሁን በብዛት የሚያመነጩት ኦሮባንኮል የተባለው የስትሪጎላክቶን ዓይነት የአቀንጭራን ዘር ብዙም አይቀሰቅስም፤ ፈንገሱን ግን ይጠራል።